ሱፐርማንና ስፓይደርማን (1976)፦ አቅማቸው የማይመጣጠን ሁለት ጀግኖች በአንድ ኮሚክ እንዴት ይኖራሉ?

ብራና24
ሰላም ለሁላችሁ። ሁለት ጀግና ስለሚያገናኝ ባለ 24 ገጽ የኮሚክ ስክሪፕት ጥያቄ አለኝ። አንደኛው ይበራል፣ ጥይት አይበሳውም፣ መኪና በአንድ እጁ ያነሳል። ሁለተኛው ቀልጣፋና ብልህ ወጣት ነው፤ ይዘላል፣ ይንጠለጠላል፣ ከተመታ ግን ይደማል። የመጀመሪያው እያለ ሁለተኛው ለምን ያስፈልጋል? እስካሁን ባለው ረቂቅ ወጣቱ የኃይለኛው ተላላኪ ሆኖ ቀርቷል። እ.ኤ.አ. በ1976 ዲሲና ማርቬል በጋራ ያወጡትን የሱፐርማንና የስፓይደርማን ኮሚክ በደንብ የምታውቁ፣ እነሱ ይህን እንዴት እንደፈቱት ንገሩኝ። በገጽና በሳጥን (ገጹ ላይ ባለች አንዲት የሥዕል ክፈፍ) ቁጥር ከሆነ የበለጠ ይጠቅመኛል።

ጥቁር_ቀለም
የዚያ ኮሚክ ችግር ካንተ ችግር ጋር አንድ ነው። እንዲያውም የእነሱ ይብሳል፤ ሁለቱ ጀግኖች የሁለት ተፎካካሪ ድርጅቶች ንብረት ስለሆኑ አንዱ በሌላው ፊት ማነስ አይችልም ነበር።

መጀመሪያ አካሉን እንይ። 96 ገጽ ነው፤ ዋጋው 2 ዶላር፣ መጠኑም ወደ 10 በ13.5 ኢንች የሚጠጋው ትልቁ ቅርጽ ነው። ጸሐፊው ጄሪ ኮንዌይ፣ በእርሳስ የነደፈው ሮስ አንድሩ፣ በቀለም ያጠቆረው ዲክ ጆርዳኖ ናቸው። የሰዎቹ ምርጫ ራሱ ሚዛን ጠባቂ ነው። ኮንዌይም አንድሩም በሁለቱም ቤት ሠርተዋል፣ ሁለቱንም ጀግኖች ያውቃሉ። አንዱን ወገን ብቻ የሚያውቅ ሰው ቢይዘው ኖሮ ሌላው ጀግና በገዛ መጽሐፉ እንግዳ ይሆን ነበር።

አሁን አደረጃጀቱ። ጀግኖቹ ወዲያው አይገናኙም። በመጀመሪያው መግቢያ ሱፐርማን ብቻውን ከሌክስ ሉተር ጋር ይጋጠማል። በሁለተኛው ስፓይደርማን ብቻውን ከዶክተር ኦክቶፐስ ጋር። ሦስተኛው መግቢያ የባላንጣዎቹ ነው፤ ሁለቱ እስር ቤት ውስጥ ይገናኙና አብረው ያመልጣሉ። ልብ በል፣ ቀድመው የሚተባበሩት ክፉዎቹ ናቸው። ስለዚህ አንባቢው ገጹን ሲገልጥ «ጀግኖቹስ መቼ ነው የሚገናኙት?» እያለ ነው። ይህ ጉጉት ያለ አንድ ቃል ማብራሪያ የተገኘ ነው።

እያንዳንዱ የጀግና መግቢያ አራት ነገር ያስጨብጣል፦ ምን ማድረግ እንደሚችል፣ እንጀራውን በምን እንደሚበላ፣ ማንን እንደሚወድ፣ ማን እንደሚጠላው። የስፓይደርማን አንባቢ ሱፐርማንን ላያውቅ ይችላል፣ የሱፐርማኑም እንደዚያው፤ ሦስቱን መግቢያ የጨረሰ ግን ሌላ ኮሚክ ሳያነብ ታሪኩን ይከተላል። ያንተ 24 ገጽ የ96 ሩብ ስለሆነ 3 ገጽ ለኃይለኛው፣ 3 ለወጣቱ፣ 2 ለባላንጣዎቹ ይደርሳል። 8 ገጽ ሄደ ማለት ነው። ብዙ ስክሪፕት የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው፤ ጸሐፊው «ገጽ አለቀ» ብሎ መግቢያውን ይሰርዝና ጀግኖቹን ገጽ 2 ላይ ያጋጥማቸዋል። ከዚያ በኋላ ማንነታቸውን በፍልሚያው መሐል በንግግር ሊነግረን ይገደዳል፣ ፍልሚያውም ንግግሩም ይሞታሉ።

ሌላ ያተረፉበት ነገር አለ። «ሁለቱ ዓለሞች እንዴት ተገናኙ?» የሚል ማብራሪያ የለም። የሱፐርማን ሜትሮፖሊስም የስፓይደርማን ኒው ዮርክም አንድ አገር ውስጥ ያሉ ከተሞች ናቸው፤ አለቀ። ጀግኖችህ ከተለያየ ታሪክ የመጡ ከሆነ አንተም በር፣ ማሽን፣ ትይዩ ዓለም አትፈልግ።

ሰባተኛ_ሰማይ
ጥቁር ቀለም ስለ አደረጃጀቱ ጥሩ አስቀምጦታል፤ እኔ ስለ ጠቡ ልጨምር። የኃይል ልዩነቱ የሚፈታው እዚያ ነው።

ሉተር የሱፐርማንን መልክ ይዞ የሱፐርማንን ሎይስ ሌንንና የስፓይደርማንን ሜሪ ጄንን ይሰውራል። ስፓይደርማን ያየው ሱፐርማንን ነው፣ ስለዚህ ይከስሰዋል። ሱፐርማን በበኩሉ ይህ ጭንብል የለበሰ ሰው የሚያውቀው ነገር አለ ብሎ ያስባል። በሁለቱም በኩል የሚያጋጨው አንድ እውነተኛ ምክንያት አለ፣ እሱም የሚወዷት ሴት ናት። ተራ አለመግባባት ቢሆን ኖሮ በሁለት ዓረፍተ ነገር ይፈታ ነበር።

አሁን ወደ ዋናው። በተለመደው ሁኔታ ስፓይደርማን ሱፐርማንን ቢመታ ግድግዳ መምታት ነው። ስለዚህ ሉተር ተደብቆ ስፓይደርማን ላይ የቀይ ፀሐይ ጨረር ይለቅበታል። ሱፐርማን ጉልበቱን የሚያገኘው ከቢጫ ፀሐይ እንደሆነ፣ የተወለደበት ፕላኔት ክሪፕቶን ቀይ ፀሐይ እንደነበራት፣ በቀይ ፀሐይ ሥር ደግሞ ኃይሉ እንደሚጠፋ አንባቢ ያውቃል። ጨረሩ አዲስ ፈጠራ አይደለም፤ ከራሱ ከሱፐርማን ታሪክ የተወሰደ ነው። ስፓይደርማን ቡጢ ይሰነዝራል፣ ሱፐርማን ተወርውሮ ይሄዳል፣ ሁለቱም ይደነግጣሉ።

በጣም የምወደው ቦታ ቀጥሎ ያለው ነው። ሱፐርማን ተናዶ በሙሉ ኃይሉ ሊመታ ቡጢውን ይሰነዝራል፤ በመጨረሻዋ ቅጽበት ራሱን ይገታል። ቡጢው ስፓይደርማንን አይነካውም። ነገር ግን የቡጢው ነፋስ ብቻ ጠርጎ ይወስደዋል። የሱፐርማንን ኃይልም ጨዋነቱንም በአንድ ጊዜ ያሳየ፣ ሳይመታ የመታ ቡጢ ነው። በኋላ ጨረሩ ሲጠፋ ስፓይደርማን ይመታል፤ የሚያመው የራሱ እጅ ነው። የኃይል ልዩነቱ ወደ ቦታው ተመለሰ፣ ማንም ግን አልተዋረደም።

ብራና24፣ ለወጣትህ ኃይል የምታበድር ከሆነ ምንጩ በመግቢያው ገጾች ላይ ቀድሞ ይታይ፤ ገጽ 2 ላይ በአንዲት ሳጥን ጥግ ብትታይም ይበቃል። የሚያልቅበት ጊዜ ይኑረው፣ ሲያልቅም አንባቢ በዓይኑ ይየው። ምንጩ ቀድሞ ካልታየ ማታለል ይሆናል። ማለቂያ ከሌለው ደግሞ ገጽ 20 ላይ «ያ ኃይል የት ሄደ?» የሚል አንባቢ ይመጣብሃል፣ ልክም ነው።

ዘንባባ
ሁላችሁም ስለ ጉልበት ነው የምታወሩት። እኔ በዚህ አልስማማም። የጉልበት ልዩነት ከሁሉም ቀላሉ ልዩነት ነው፤ በአንድ ጨረር ይፈታል፣ እንዳያችሁት። ሁለት ጀግና ጎን ለጎን ሲቆሙ ታሪኩን የሚያንቀሳቅሰው የአቋም ልዩነት ነው።

እ.ኤ.አ. የሚያዝያ 1970 ቀን የታተመበትን የግሪን ላንተርንና የግሪን አሮው መጽሔት ቁጥር 76 ተመልከቱ፤ ዴኒ ኦኒል ጻፈው፣ ኒል አዳምስ ሣለው። ግሪን ላንተርን የሚያስበውን ሁሉ የሚሠራ ቀለበት አለው፣ ግሪን አሮው ያለው ቀስትና ፍላጻ ነው። በጉልበት ንጽጽር የለም። ግን ታሪኩ የሚጀምረው ግሪን ላንተርን በሰዎች የሚዋከበውን አንድ ባለ ኮት ሰው ሲያድን ነው። ሰውየው የተጎሳቆለ ሕንፃ ባለቤት ነው፣ ሰዎቹም ሊያስወጣቸው የተነሳባቸው ተከራዮቹ። ግሪን አሮው ጓደኛውን ወደ ውስጥ ያስገባውና ክፍሎቹን ያሳየዋል። አንድ ጥቁር አዛውንት ደግሞ ግሪን ላንተርንን ለሌላ ፕላኔት ሰዎች ይህን ያህል ሲለፋ ለጥቁር ሰዎች ምን እንዳደረገ ይጠይቁታል። መልስ የለውም፣ አንገቱን ይደፋል።

ብልሃቱ ችግሩ ላይ ነው። የቤት ኪራይን ቀለበት አይፈታውም። ኃይለኛው ያቃተው ጉልበት አንሶት ስላልሆነ ደካማው አብሮት ቢቆም አያሳፍርም። ብራና24 ወንድሜ፣ ኃይለኛህ መኪና ማንሳት ከቻለ መኪና በማንሳት የማይፈታ ችግር ስጠው።

ሦስተኛ ዓይነትም አለ፣ የኑሮ ልዩነት። ፓወር ማንና አይረን ፊስት እ.ኤ.አ. በ1978 ከቁጥር 50 ጀምሮ በአንድ መጽሔት ተጣመሩ። ፓወር ማን የተባለው ሉክ ኬጅ የኒው ዮርኩ ሰፈር የሃርለም ልጅ ነው፣ ለሥራው ክፍያ ይጠይቃል፤ አይረን ፊስት የተባለው ዳኒ ራንድ ሀብት የወረሰ ነው። አንድ ደንበኛ በራቸውን ሲያንኳኳ ሁለቱ የሚያስቡት አንድ አይደለም። ከዚያች በር ብቻ የሁለት ገጽ ንግግር ይወጣል።

ጥቁር_ቀለም
ዘንባባ ያልከው እውነት ነው፣ ግን ዋጋውንም ንገረው። የአቋም ልዩነት ንግግር ይበላል። ግሪን አሮው በብዙ ገጾች ላይ ቆሞ ይሰብካል፣ ግሪን ላንተርን ቆሞ ይሰማል። መጽሔቱም እ.ኤ.አ. በ1972 ቁጥር 89 ላይ ተቋርጧል። በ24 ገጽ ውስጥ ሁለት ሰው ከአንድ ገጽ በላይ ከተከራከረ ሠዓሊው የሚሥለው ሁለት አፍ ብቻ ይሆናል። ክርክሩ እየሠሩ ይሁን፤ አንዱ በር እየሰበረ፣ ሌላው በሩን አንኳኩቶ እየጠበቀ።

ደግሞ የ1976ቱ ኮሚክ የኑሮ ልዩነት የለውም ማለት አይቻልም። ሱፐርማን በተራ ማንነቱ ክላርክ ኬንት ነው፣ በዚያ ዘመን የቴሌቪዥን ዜና አቅራቢ፤ ስፓይደርማን ደግሞ ፒተር ፓርከር ነው፣ ፎቶ እየሸጠ የሚኖር ተማሪ። ሁለቱም የዜና ሰዎች ናቸው፣ አንዱ ግን ደመወዝተኛ፣ ሌላው በቁራጭ ሥራ። አለቆቻቸው ሞርጋን ኤጅና ጆና ጄምሰን ሳይቀሩ ተቀምጠው ስለ ሠራተኞቻቸው ሲማረሩ ይታያሉ። ጭንብል የለም፣ ቡጢ የለም፣ ሁለቱ ዓለሞች ግን በእርግጥ አንድ እንደሆኑ የሚያሳምነው ይህ ነው።

ጠርዝ
ስለ ሥዕሉ ማንም አላነሳም። እዚህ ኮሚክ ላይ ለሠዓሊ ትልቁ ፈተና ጉልበት አይደለም፣ ቀለም ነው። ሁለቱም ጀግኖች ቀይና ሰማያዊ ለባሽ ናቸው! ያኔ በነበረው የሕትመት ዘዴ ቀለም በነጠብጣብ ነበር የሚታተመው፤ ደርዘን ዓይነት ቀይ መምረጥ አይታሰብም። በጠቡ ገጾች ላይ ሁለት ቀይና ሰማያዊ አካል ሲጠላለፍ ማን ማን እንደሆነ በቀለም ብቻ አይለይም።

መፍትሔው በቅርጽና በመስመር ነው። ሱፐርማን ካባ አለው፣ ደረቱ ሰፊ ነው፣ ሲሄድ ቀጥ ያለ መስመር ይሠራል፣ ከታች ወደ ላይ ወይም ከዳር እስከ ዳር። ስፓይደርማን ይታጠፋል፤ ጉልበቱ ከጆሮው በላይ ይወጣል፣ ሲንቀሳቀስ ቅስት ይሠራል። የሱፐርማን ቀይ ለስላሳ ነው፣ የስፓይደርማን ቀይ በሙሉ በድር መስመር የተሞላ ነው። እንግዲህ ሙከራው ይኸውና፦ ሁለቱን ገጸ ባሕርያት በጥቁር ብቻ ሙሏቸው፣ በ3 ሴንቲ ሜትር ቁመት። ማን ማን እንደሆነ ካልለያችሁ ልብሱን ሳይሆን አቋቋሙን ቀይሩ።

የድሩ መስመር ሌላ ጣጣ አለው። የፊቱ ድር ከዓይኖቹ መሐል ተነሥቶ እንደ ጨረር ይወጣል፣ ከዚያ ነው ማገናኛ ቅስቶቹ የሚሣሉት። ፊቱ በትልቁ ሲሣል ሁሉም መስመር ይግባ። ጀግናው ሩቅ ሲሆን ግን መስመሮቹን ቀንሱ፤ ሁሉንም ካስገባችሁ ሲታተም ቀዩ ወደ ጥቁር ይለወጣል።

አንድሩ የኒው ዮርክን ጣሪያዎች ፎቶ እያነሳ ይጠቀም እንደነበር የታወቀ ነው፣ ይህም በሥዕሉ ይታያል። ከላይ ሲያሳይ ጎዳናው ጥልቀት አለው፣ ሰው ይወድቃል ብላችሁ ትሰጋላችሁ። ለሚበር ጀግና ከፍታ ምንም አይደለም፤ ለሚንጠለጠል ግን ሞት ነው። ከፍታውን በትክክል የሣለ ሰው ልዩነታቸውን ያለ ቃል ነገረን።

አንድ የማይነገር ነገርም ልጨምር። ኒል አዳምስ አንዳንድ የሱፐርማን ምስሎችን፣ የማርቬሉ ሠዓሊ ጆን ሮሚታ ደግሞ የፒተርንና የሜሪ ጄንን ፊቶች ዳግም ነክተዋቸዋል። እያንዳንዱ ቤት ጀግናው «የራሱን ፊት» እንዲይዝ ስለሚፈልግ ነው። አንድ ሠዓሊ ሁለት የተለያየ ሰው ሲሥል ከ10 ገጽ በኋላ ሁለቱ ወንድማማች መምሰል ይጀምራሉ። ለእያንዳንዱ ጀግና አንድ ወረቀት አዘጋጁ፦ ፊት ከፊት፣ ከጎን፣ ከኋላ፣ ሙሉ ቁመት በራስ ቁጥር (ቁመቱ የራሱን ርዝመት ስንት ጊዜ እንደሚያህል)። ለኃይለኛው ቁመቱ 8 ተኩል ራስ፣ ለወጣቱ 7 ተኩል ብትሰጡ ጎን ለጎን ሲቆሙ ሁልጊዜ ይለያያሉ። ወረቀቱ ከጠረጴዛው ፊት ይለጠፍ።

ብራና24
ጋሼ ጠርዝ፣ በጣም አመሰግናለሁ፤ የጥቁር ሙከራውን ዛሬውኑ እሠራዋለሁ። ሌላ ጥያቄ አለኝ። ኮሚኩ በአማርኛ ነው። የእንግሊዝኛው ኮሚክ የማያውቀው ችግር አጋጠመኝ፦ ወጣቱ ኃይለኛውን «አንተ» ይበለው ወይስ «እርስዎ»? ደግሞ ጽሑፉ ከአረፋው (ንግግሩ ከሚጻፍበት ክብ) እየወጣ ነው።

ፊደል_ቆጣሪ
እንግሊዝኛው አንድ ቃል ብቻ ስላለው ይህን ዕድል አያገኝም። ላንተ ችግር ሳይሆን ሀብት ነው። አንቱታን የግንኙነታቸው መለኪያ አድርገው። መጀመሪያ ሲገናኙ ወጣቱ በአክብሮት «እርስዎ» ይላል። ጠቡ ሲነሳ «የት ደበቅሃት?» ብሎ ይጮኻል፤ አንቱታው በንዴት ወደቀ። አንባቢው ሳያስበው ይሰማዋል። ሲታረቁ ወጣቱ አፍሮ ወደ «እርስዎ» ሊመለስ ሲል ኃይለኛው «አንተ በለኝ» ይለዋል። ከሁለት ገጽ የእርቅ ንግግር ይህች አንዲት አረፋ ትበልጣለች። ከዚያ ወዲያ ግን አንድም ቦታ «እርስዎ» እንዳያመልጥህ ስክሪፕቱን ፈልገህ አጥራ፤ ግሡም ውስጥ ይደበቃልና፦ «ያዙኝ»፣ «ይምጡ»፣ «አዩት»።

ድምፃቸውንም በዓረፍተ ነገር ርዝመት ለየው። ስፓይደርማን በፍልሚያ መሐል ይቀልዳል፤ ሱፐርማን አጭርና ረጋ ያለ ነው። በአማርኛ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦
ኃይለኛው፦ «ቆይ። ፎቁ ላይ ሰው አለ።»
ወጣቱ፦ «ፎቁ ላይስ አለ፣ እኔስ? እኔ እኮ እየወደቅሁ ነው!»
ስማቸውን ብታነሳው እንኳ ማን እንደተናገረ ይታወቃል። ካልታወቀ ድምፅ አልሰጠሃቸውም።

አሁን ስለ አረፋው። የአሜሪካ ኮሚክ ጸሐፊዎች በአንድ ሳጥን እስከ 35 ቃል የሚል የቆየ ልማድ አላቸው። እሱን ለአማርኛ አትውሰድ። የኛ ግስ ባለቤቱንም ተሳቢውንም አሉታውንም ተሸክሞ ይመጣል፦ «አላስጠነቀቅኸኝም» አንድ ቃል ነው፣ ግን ሙሉ ዓረፍተ ነገር ነው፣ 10 ፊደልም አለው። በአንድ ሳጥን ከ15 እስከ 18 ቃል ይበቃል። አረፋውም ክብ ሳይሆን ወደ ጎን የተለጠጠ ይሁን፤ በጠባብ ክብ ውስጥ እንዲህ ያለ ቃል ብቻውን መስመሩን ይጨርሳል። ቃል ከመሐል አትስበር። በድሮው የብራና ጽሑፍ ሁለት ነጥብ የቃሉን መጨረሻ ስለሚያሳይ በመስመር ዳር መስበር ችግር አልነበረውም። ዛሬ በባዶ ቦታ ስለምንለይ «አላስጠ» ብቻውን ከቀረ አንባቢው ይደናቀፋል።

እንግሊዝኛው ቃል ለማጉላት ፊደሉን ያወፍራል። አንተ «እኮ»፣ «ማ»፣ «ስ» አሉህ። «አንተማ ትበራለህ» ካልክ ማወፈር አያስፈልግም። የወፈረ የአማርኛ ፊደል በትንሽ መጠን ሲታተም ውስጡ በቀለም ይሞላል፤ በተለይ የኃምስ ቀለበት። የ«ቤ» ቀለበት ከተደፈነ «ቢ» ይመስላል፣ «ሌ»ም «ሊ»። «ቤት» ያልከው «ቢት» ሆኖ ይወጣል።

ሰባተኛ_ሰማይ
ስለ ንግግር ካነሳን፦ ወጣትህ ድር የሚወረውር ዓይነት ከሆነ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለው መጨረሻ ገጽ ላይ መምጣቱ አይቀርም፤ እጅህ ራሱ ይጽፈዋል። አትጻፈው። ድሩ ኃይለኛው ያልቻለውን ነገር ሲይዝ አሳየን፣ ተረቱን አንባቢው ራሱ ያስታውሰዋል።

ብራና24
በተባለው መሠረት የ24 ገጹ ረቂቅ ክፍፍል፦ ከ1 እስከ 3 ኃይለኛው፤ ከ4 እስከ 6 ወጣቱ፤ 7 እና 8 ባላንጣዎቹ ይስማማሉ፤ 9 እና 10 ሁለቱ ጀግኖች በሥራ ልብሳቸው አንድ ቦታ ይተዋወቃሉ፤ 11 ጠለፋው፤ ከ12 እስከ 15 ጠቡ፤ 16 እርቅ፤ 17 እና 18 ፍለጋ፤ ከ19 እስከ 23 የመጨረሻው ፍልሚያ፤ 24 መደምደሚያ። ምን ይጎድለዋል?

ጠርዝ
ክፍፍሉ ጥሩ ነው፣ አሁን በወረቀት እንየው። 24 ገጽ ማለት መሐሉ በስቴፕል የሚያዝ 6 ሉህ ነው፤ ሽፋኑ ለብቻ ነው። ገጽ 1 በቀኝ ይወድቃል። ስለዚህ ጥንድ ሆነው የሚታዩት 2 ከ3፣ 4 ከ5፣ እንዲህ እያለ ነው። ገጽ 8 እና 9 ፊት ለፊት ናቸው። ባላንጣዎቹ በ8 መጨረሻ እጅ ይጨባበጡ፤ ጀግኖቹ በ9 ያለ ጭንብል እጅ ይጨባበጡ፤ በተመሳሳይ ቁመት፣ በተመሳሳይ የሳጥን ስፋት። አንባቢው ሁለቱን መጨባበጥ በአንድ እይታ ያየዋል።

ጠለፋው 11 ላይ መሆኑ ትክክል ነው፤ ቀኝ ገጽ ስለሆነ ለመጨረሻዋ ሳጥን አስቀምጠው። አንባቢው ሲገልጥ 12 እና 13 ይመጣሉ። እነዚህ የመጽሔቱ መሐል ናቸው፣ አንድ ወጥ ሉህ። በሌሎች ጥንዶች ላይ ሥዕል ከገጽ ወደ ገጽ ብታሻግር ሁለቱ ግማሾች የሚታተሙት በተለያየ ሉህ ስለሆነ ሚሊ ሜትር ሁለት ሚሊ ሜትር ይዛነፋል፤ ፊት ከሆነ ያስቀይማል። ትልቁን የጠብ ሥዕል 12 እና 13 ላይ አድርገው፣ ስቴፕሉ ግን ማንም ፊት ላይ እንዳያርፍ።

የተበደረው ኃይል 15 መጨረሻ ላይ ይለቅ፣ የታመመ እጅ ብቻ ይታይ። ተገልጦ 16 ላይ የሚመጣው የተዘረጋ እጅ ይሁን።

ዘንባባ
ከ17 እስከ 23 ያለው ያሳስበኛል። የ1976ቱ ኮሚክም የሚላላው እዚያ ነው። ፍለጋው ወደ ታንዛኒያ፣ ወደ ኪሊማንጃሮ ይወስዳቸዋል፤ ሉተር ኃይል የሰጠው አንድ የማሳይ ተዋጊ ይገጥማቸዋል። ከዚያ ወደ ሕዋ ይወጣሉ። ማሳዩ የሚዋጋ አካል ብቻ ነው፤ ምን እንደሚፈልግ፣ ለምን እንደተስማማ አንማርም። ምሥራቅ አፍሪካ እንደ ጀርባ መጋረጃ ነው ያገለገለችው። ለኛ አንባቢ ይህ ያማል፣ በዕደ ጥበብም በኩል ስሕተት ነው። ቦታ ሲመረጥ ጀግኖቹን እንዲፈትን ነው። የሚንጠለጠል ጀግና ሕንፃ በሌለበት ሜዳ እግረኛ ነው! ይህን ካልተጠቀምክበት ለምን ተራራ ድረስ ወሰድከው? ቦታው ላይ የሚኖር ሰው ካስገባህ ደግሞ ስምና ፍላጎት ስጠው፤ ሁለት ሳጥን ይበቃል።

መጨረሻው ግን ጠንካራ ነው። ዶክተር ኦክቶፐስ ሉተር ምድርን ሊያጠፋት እንደሆነ ሲገባው ይገለበጥበታል። እሱ ገንዘብ ፈላጊ ነው፣ ምድር ከጠፋች ገንዘቡ ለምን ይሆነዋል? የባላንጣዎቹ ኅብረት በራሱ ልዩነት ፈረሰ፣ የጀግኖቹ ግን ልዩነታቸውን ይዘው ቆዩ። ግዙፉን ማዕበል የሚያቆመው ሱፐርማን ነው፤ እንዲህ ያለው ሥራ ለእሱ ብቻ ነውና።

ላንተ 19 እስከ 23፦ አንድ ትልቅ አደጋ ውጭ፣ አንድ ጠባብ አደጋ ውስጥ። ኃይለኛው ውጭ ያለውን ይያዝ፣ እጁን እንዳያነሳ፤ ግድቡን ደግፎ ቆሟል እንበል፣ ከለቀቀ ከተማው ይሰጥማል። ጠባቡ ቦታ ላይ ኃይለኛው ቢገባ ሁሉን ነገር ይሰብራል፤ ወጣቱ ግን በቧንቧዎቹ መሐል ይሾልካል። አራቱም ሰዎች በአንድ ሳጥን አይግቡ፣ ሠዓሊህን ትገድለዋለህ። 19 እና 20 ውጭና ውስጥ እየተፈራረቁ፣ 21 ወጣቱ ብቻ፣ 22 ባላንጣዎቹ ሲጣሉ፣ 23 ሁለቱም ሥራቸውን ሲጨርሱ።

ፊደል_ቆጣሪ
ማተሚያ ቤት ከመሄድህ በፊት አንድ ነገር። የ1976ቱ ኮሚክ እ.ኤ.አ. በ1991 በተራ ኮሚክ መጠን በተሰበሰበ መጽሐፍ ዳግም ወጥቷል። ከ10 ኢንች ስፋት ወደ 6 ከግማሽ ገደማ ሲወርድ ሁሉም ነገር ወደ ሁለት ሦስተኛ ይቀንሳል፤ 3 ሚሊ ሜትር የነበረ ፊደል 2 ይሆናል። የላቲኑ ትልልቅ ፊደል ይህን ይችለዋል፣ የኛ አይችለውም። ኤ3 ላይ ሥለህ በኤ4 የምታትም ከሆነ ቅነሳው ወደ 71 በመቶ ነው። ሲታተም ፊደሉ ከ2.5 ሚሊ ሜትር እንዳያንስ ከፈለግህ ኤ3ው ላይ ቢያንስ 3.6 አድርገህ ጻፈው። ሥዕሉ ከመቁረጫው መስመር 3 ሚሊ ሜትር ወደ ውጭ ይለፍ፣ አረፋዎቹ ግን ከመስመሩ 8 ሚሊ ሜትር ወደ ውስጥ ይቁሙ።

አንድ ገጽ ብቻ፣ 9ኙን፣ በልኩ አሳትመህ በቀን ብርሃን ክንድህን ዘርግተህ አንብበው። «ቤ»ና «ሌ» ከተነበቡ 23ቱን ቀጥል።

ብራና24
ነገ ገጽ 8 እና 9ን ጎን ለጎን አሳትሜ ፎቶውን እዚሁ እለጥፈዋለሁ። ጋሼ ጠርዝ፣ የሁለቱን መጨባበጥ ቁመት እርስዎ እንዲያዩልኝ እፈልጋለሁ።